ከመሥሪያ ቤት ጋር አለመግባባት ሲፈጠር፦ ለእንባ ጠባቂው አቤቱታ ስለማቅረብ

ወደ እስራኤል የገባ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያንኳኳቸው በሮች ብዙ ናቸው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የዓሊያና የቅሊጣ ሚኒስቴር፣ ብሔራዊ መድን ማለትም ቢቱአሕ ሌኡሚ፣ ኩፓት ሖሊም፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ወይም ዒሪያ፤ ሁሉም ቅጽ ያስሞላሉ፣ ሁሉም ፊርማ ይጠይቃሉ። በአብዛኛው ጉዳዩ በሰላም ያልቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማመልከቻ ይጠፋል፤ ሦስትና አራት ወር መልስ ሳይመጣ ይቀራል፤ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይልካል፣ ሌላውም መልሶ ወደ መጀመሪያው ይልካል፤ ወይም የማያውቁት ዕዳ ወለድ ተጨምሮበት በፖስታ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምዎ ምን ማድረግ እንደሚችሉ በዚህ ምዕራፍ ይገለጻል። ምሳሌዎቹ በረሖቮት የሚኖርን ቤተሰብ በማሰብ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሕጉ ግን በመላ አገሪቱ አንድ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በእስራኤል በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

እንባ ጠባቂው ማን ነው?

“ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። በትውልድ አገር ከባለሥልጣን ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠናል፣ ዘመድ ያፈላልጋል፣ አማላጅ ይልካል እንጂ “ተበድያለሁ” ብሎ በስሙ ፈርሞ መጻፍን አይደፍርም ነበር። በእስራኤል ግን መንግሥት ራሱ ይከሰሳል። ፍርድ ቤት ከመድረስ በፊትም ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ አቤት የሚልበት ባለሥልጣን አለ። በዕብራይስጥ ኔጺቭ ትሉኖት ሃጺቡር ይባላል፤ የሕዝብ አቤቱታ ኮሚሽነር ማለት ነው። በኢትዮጵያም በ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በአዋጅ ቁጥር 211 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲቋቋም ስለተደነገገ፣ “እንባ ጠባቂ” የሚለው ስም ለብዙ አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም። እኛም በዚህ ምዕራፍ ውስጥ በዚሁ ስም እንጠቀማለን።

እንዲህ ያለው ሥራ በመጀመሪያ የታወቀው በስዊድን ሲሆን ዘመኑም 1809 ነበር። እስራኤል በ1971 ሥራውን ስትጀምር አዲስ መሥሪያ ቤት አላቋቋመችም። ከ1949 ጀምሮ ለነበረው ለመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ለሜቫኬር ሃምዲና፣ ይህን ሥራ ደርባ ሰጠችው። ስለዚህ የሚኒስቴሮችን ሒሳብና አሠራር የሚመረምረውና የእርስዎን አቤቱታ የሚሰማው አንድ ሰው ነው። በ1988 የወጣው መሠረታዊ ሕግም ይህንኑ አጽንቶታል። ተቆጣጣሪውን በምስጢር ድምፅ የሚመርጠው ክኔሴት ነው፤ የሥራው ዘመን ሰባት ዓመት ሲሆን ለሁለተኛ ጊዜ አይመረጥም። ተጠያቂነቱ ለክኔሴት ብቻ ነው እንጂ ለመንግሥት አይደለም። ለእርስዎ ይህ የሚጠቅምዎ በአንድ ነገር ነው፤ አቤቱታ ያቀረቡበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ “ይህን ፋይል ዝጋ” ብሎ ሊያዘው አይችልም።

እንባ ጠባቂው ሽማግሌ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ያስታርቃል፣ ከዚህም ከዚያም ቀንሶ ያስማማል። እንባ ጠባቂው ግን መሥሪያ ቤቱ የሠራው ሥራ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ብቻ ይመረምራል። ትክክል ካልነበረ እንዲታረም ያሳስባል፤ ትክክል ከነበረ ደግሞ የእርስዎ ችግር ምንም ያህል ቢያሳዝን አቤቱታዎ ተቀባይነት አያገኝም።

በምን ጉዳይ አቤት ይባላል?

በሚኒስቴሮች፣ በማዘጋጃ ቤቶች፣ በብሔራዊ መድን ድርጅት፣ በፖሊስ፣ በመንግሥት ኩባንያዎች ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ቤትዎ የዓሚዳር ከሆነና ጣሪያው እያፈሰሰ ደጋግመው ቢያስታውቁም የሚጠግን ካልመጣ፣ ዓሚዳር የመንግሥት ኩባንያ ስለሆነ አቤቱታው ይታያል። የግል አሠሪ፣ የግል ቤት አከራይ፣ ሱቅ፣ ጎረቤት ግን በዚህ ውስጥ አይገቡም። አዲስ ገቢዎች ብዙ የሚገናኙት የአይሁድ ኤጀንሲም የመንግሥት ሚኒስቴር አይደለም፤ በመርካዝ ቅሊጣ ውስጥ በኤጀንሲው ሠራተኛ ላይ ቅሬታ ካለዎ በቅድሚያ ለኤጀንሲው ለራሱ ኃላፊዎች በጽሑፍ ያቅርቡ።

የሚመረመረው ድርጊት በቀጥታ እርስዎን የጎዳ ወይም የሚገባዎትን ጥቅም ያስቀረ መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ድርጊቱ ከሕግ ውጭ የሆነ፣ ወይም ያለ ሥልጣን የተፈጸመ፣ ወይም ከመልካም አስተዳደር ውጭ የሆነ፣ ወይም ከመጠን ያለፈ ግትርነት ወይም ጉልህ የሆነ ኢፍትሐዊነት ያለበት መሆን ይገባዋል። በሕጉ ውስጥ “ድርጊት” ሲባል አለመሥራትና ማዘግየትም ይጨምራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። “እምቢ አላሉኝም እኮ፣ ዝም ብለው ነው ያቆዩኝ” የሚል ሰው አቤት የሚልበት ምክንያት የሌለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያለ በቂ ምክንያት ማቆየት ራሱ አቤት ይባልበታል።

ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ለአረጋዊት እናትዎ፣ አቤት ማለት ከፈለጉ ይችላሉ፤ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ አስፈርመው ያያይዙ።

በመጀመሪያ ወደ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ

ለእንባ ጠባቂው ከመጻፍዎ በፊት ጉዳዩን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማቅረብ በጣም ይጠቅማል። በቃል የተነገረ ነገር ማስረጃ የለውም። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” የሚባለው በእስራኤል ቢሮዎች ውስጥ ከየትም ይልቅ እውነት ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሲያስገቡ በሌላው ላይ “ሂትካቤል” (ተቀብለናል) የሚል ማኅተም ከነቀኑ ያስመቱ፤ እሱንም ቤትዎ ያስቀምጡ። በፖስታ ከላኩ በዶአር ራሹም፣ ማለትም በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። በሠልፍ ሰዓት ማኅተም አልመታም የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎ ሳይቆጡ በአደራ ደብዳቤ ይላኩት። ውጤቱ አንድ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1958 የወጣ አንድ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጣኑን እንዲጠቀም በጽሑፍ ሲጠየቅ ባለቀ ቢባል በ45 ቀን ውስጥ ወስኖ መልስ መስጠት አለበት፤ የተጠየቀውን የማይፈጽም ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ሕጉ ራሱ የሚዘረዝራቸው አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ደንቡ ይህ ነው። 45 ቀን የሚቆጠረው ግን ከጽሑፉ ጀምሮ ነው። አምስት ጊዜ ተመላልሶ በመስኮት በኩል በቃል የጠየቀ ሰው ቀኑን የሚቆጥርበት ነገር የለውም።

በረሖቮት ማዘጋጃ ቤት ላይ ቅሬታ ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ በር አለው። በ2008 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የሕዝብ ቅሬታ ተቀባይ እንዲሾም ያስገድዳል፤ በዕብራይስጥ ሜሙኔ ዓል ትሉኖት ሃጺቡር ይባላል። ወደ ዒሪያ ሲሄዱ ይህን ስም ተናግረው ይጠይቁ። ስለ መንገድ መብራት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ስለ አርኖና፣ ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የሚነሣ ቅሬታ በዚያ ቢጀመር ከኢየሩሳሌም መልስ ከመጠበቅ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ካልተፈጸመ ወደ አገር አቀፉ እንባ ጠባቂ ከመሄድ የሚያግድዎ ነገር የለም።

አንድ ምሳሌ፦ የአርኖና ቅናሽ

አርኖና የሚባለው የመኖሪያ ቤት ባለይዞታ ለማዘጋጃ ቤት የሚከፍለው ግብር ነው። ቤቱን ተከራይተው ቢኖሩም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ለአዲስ ገቢ ማዘጋጃ ቤት እስከ 90 በመቶ ድረስ ቅናሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ቅናሹ የሚታሰበው ለ100 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ እንደ አዲስ ገቢ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ባሉት 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወራት ያገለግላል። ቅናሹ በራሱ አይመጣም፤ ካልጠየቁ አይሰጥዎትም።

እንግዲህ በቂሪያት ሞሼ ሰፈር የሚኖር አንድ አባት የቅናሹን ቅጽ ሞልቶ፣ የመታወቂያውንና የአዲስ ገቢ ደብተሩን ግልባጭ አያይዞ አስገባ እንበል። ከሁለት ወር በኋላ ሙሉው ክፍያ ተጠየቀ። ሲሄድ “ወረቀትህ አልደረሰንም” ተባለ። እንደገና አስገባ። ከዚያ ደግሞ የዕዳ ማስጠንቀቂያ መጣ። ይህ ሰው ሁለት መጥፎ አማራጮች ይታዩታል። አንደኛው ተናድዶ ደብዳቤዎቹን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ መክተት ነው፤ ዕዳው ግን ወለድ እየጨመረ ይሄዳል፣ መጨረሻውም ንብረትን እስከ ማሳገድ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ተበድሮ ሙሉውን መክፈልና ነገሩን መተው ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

የተሻለው መንገድ የሚከተለው ነው። ማመልከቻውን ያስገባበትን ቀን የሚያሳየውን ግልባጭ ይዞ ለአርኖና ክፍሉ ኃላፊ ይጽፋል፤ ግልባጩን ለማዘጋጃ ቤቱ ቅሬታ ተቀባይ ያደርጋል፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ዕዳውን ማስከፈል እንዲዘገይለትም በዚያው ደብዳቤ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ወይም መልሱ ምክንያት የሌለው ከሆነ ለእንባ ጠባቂው ያመለክታል። ወረቀት መጥፋቱ፣ መልስ መዘግየቱና ውሳኔ ሳይሰጥ ዕዳ መጠየቁ ከመልካም አስተዳደር ውጭ ስለሆኑ ለእንባ ጠባቂው የሚገቡ ጉዳዮች ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚያው በአርኖና ላይ ለእንባ ጠባቂው የማይቀርብ ጉዳይ አለ። ቤትዎ 70 ካሬ ሜትር ሆኖ ሳለ በክፍያ ወረቀቱ ላይ 95 ተብሎ ቢጻፍ፣ ወይም በዚያ ቤት የማይኖሩ ሆነው እንደ ባለይዞታ ቢመዘገቡ፣ ሕጉ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው። የክፍያ ማስታወቂያው በደረስዎ በ90 ቀን ውስጥ ለማዘጋጃ ቤቱ የአርኖና ሥራ አስኪያጅ ሃሳጋ የሚባል ተቃውሞ ማስገባት አለብዎ። እሱ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ ይኖርበታል፤ በመልሱ ካልተስማሙ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ዓራር ለሚሰማው ኮሚቴ ይግባኝ ይላሉ። ይህን ትተው ለእንባ ጠባቂው ቢጽፉ በአብዛኛው “ይግባኝ የሚባልበት መንገድ ስላለ አንመረምርም” የሚል መልስ ይደርስዎታል፤ እስከዚያ ድረስም 90 ቀኑ አልፎ ይሆናል።

ስለ ጊዜ በጣም ይጠንቀቁ

ከዚህ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ። ለእንባ ጠባቂው አቤቱታ ማቅረብ የይግባኝን ወይም የክስን ጊዜ አያቆምም። አቤቱታዎ ኢየሩሳሌም እየተመረመረ ሳለ በደብዳቤው ግርጌ የተጻፈው የይግባኝ ቀን ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ እንባ ጠባቂው ራሱ ሊመልስልዎ አይችልም። የብሔራዊ መድን ድርጅት የአበል ጥያቄዎን ቢከለክል ክሱ በአብዛኛው በ12 ወር ውስጥ ለክልሉ የሥራ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ግን የራሱ የሆነ አጠር ያለ ጊዜ አለው። ስለዚህ ማንኛውም የውሳኔ ደብዳቤ ሲደርስዎ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ “እስከ መቼ ነው ይግባኝ የምለው?” የሚለው ነው። ፖስታውንም አይጣሉ፤ የደረሰበት ቀን ከላዩ ይታወቃል።

እንባ ጠባቂውም የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም እርስዎ ካወቁት ቀን ጀምሮ፣ ከሁለቱ በዘገየው ተቆጥሮ፣ አንድ ዓመት ካለፈ ልዩ ምክንያት ካልተገኘ በስተቀር አቤቱታው አይመረመርም። “ዝም አይነቅዝም” ይባላል፤ እዚህ ግን ከዓመት በኋላ ይነቅዛል።

በፍርድ ቤት እየታየ ያለ ወይም ፍርድ ቤት የወሰነበት ጉዳይም አይመረመርም።

አቤቱታው እንዴት ይጻፋል?

ክፍያ የለውም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። “እኔ አስፈጽምልሃለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎ ምንም አይክፈሉ። ለሠራተኛው ስጦታ ወይም እጅ መንሻ ይዞ መሄድም ፈጽሞ አይገባም፤ በእስራኤል ሕግ ጉቦ የሚቀበለው ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውም ወንጀለኛ ነው። ሰው በቅን ልብ ያመጣው ዳቦ ወይም ቡና እንኳ ባለሥልጣኑን ያስጨንቃል።

አቤቱታውን በጽሑፍ መላክ ይቻላል፤ በፖስታ፣ በፋክስ ወይም በኢንተርኔት። መጻፍ የማይችል ሰው ደግሞ ወደ እንባ ጠባቂው ቢሮ ሄዶ በቃሉ ይናገራል፤ ሠራተኛው ይጽፋል፣ ባለጉዳዩ ይፈርማል። የሕዝብ መቀበያ ቢሮዎች በኢየሩሳሌም፣ በቴል አቪቭ፣ በሃይፋና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛሉ። ለረሖቮት ነዋሪ ባቡር በቀጥታ የሚወስደው ወደ ቴል አቪቭ ነው። ከመሄድዎ በፊት ግን ስልክ ደውለው የመቀበያውን ቀንና ሰዓት ያረጋግጡ። ሕጉ አቤቱታ በዕብራይስጥ ብቻ ይቅረብ አይልም፤ ሆኖም የዕብራይስጥ ትርጉም ቢያያዝ ሥራው ይፈጥናል።

ስም የሌለበት ደብዳቤ አይመረመርም። ስምዎ፣ አድራሻዎና ፊርማዎ መኖር አለባቸው፤ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክም ቢጨመር መልካም ነው። ጽሑፉ አጭር ይሁን። ስድብ፣ እርግማን፣ ከአገር ቤት ጀምሮ ያለ የሕይወት ታሪክ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያለውን እንደ መነሻ መጠቀም ይቻላል፦

“ስሜ (...) ይባላል፤ የመታወቂያ ቁጥሬ (...)፤ አድራሻዬ ረሖቮት፣ (...) መንገድ፣ ቁጥር (...) ነው። በ(...) ቀን አዲስ ገቢ ሆኜ ወደ እስራኤል መጣሁ። በ(...) ቀን ለማዘጋጃ ቤቱ አርኖና ክፍል የቅናሽ ማመልከቻ አስገባሁ፤ የመቀበያ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ተያይዟል። በ(...) ቀን በአካል ስቀርብ ማመልከቻው አልተገኘም ተባልሁ፤ በዚያው ቀን እንደገና አስገባሁ። እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠኝም። በ(...) ቀን ግን የዕዳ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ግልባጩ ተያይዟል። የምጠይቀው ማመልከቻዬ እንዲታይ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝና በመዘግየቱ የተጨመረው ወለድ እንዲሰረዝልኝ ነው።”

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ አቤቱታ በደሉን በሚገባ ይዘረዝርና የሚፈልገውን ሳይናገር ያበቃል። ዋናውን ሰነድ ደግሞ በፍጹም አይላኩ፤ ግልባጩን ብቻ ይላኩ።

ስለ አስተርጓሚ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ቶሎ የሚለምዱት ልጆች ናቸው፤ ወላጆችም በየቢሮው ይዘዋቸው ይሄዳሉ። የአሥር ዓመት ልጅ “የይግባኝ መብት” የሚለውን ቃል በዕብራይስጥም በአማርኛም አያውቀውም፤ ሳያውቅ ቢያልፈው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ጉዳቱ ግን የቤተሰቡ ነው። ስለ ዕዳ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ አባቱ ችግር በመስኮት ፊት መናገርም ለልጅ ከባድ ነው። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ወይም አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። በብዙ ከተሞች ሺል የሚባለው የዜጎች የምክር አገልግሎት ያለ ክፍያ ደብዳቤ አንብቦ ያስረዳል። በ2000 የተቋቋመው “ጠበቃ” የተባለው ድርጅትም ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በሕግ ጉዳይ ይረዳል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ካለው የሕግ ድጋፍ ክፍል ለፍርድ ቤት ጉዳይ ጠበቃ መጠየቅ ይችላሉ።

“ቅሬታ ባቀርብ ይበቀሉኛል”

ይህን ፍርሃት ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ በመሸፋፈንም አናልፈውም። እውነቱ ይህ ነው፤ እንባ ጠባቂው መመርመር ሲጀምር አቤቱታውን ለተከሰሰው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፤ በአንድ ሠራተኛ ላይ ከሆነም ለአለቃው ጭምር ይነግራል። ስለዚህ ጸሐፊዋ እርስዎ እንደጻፉ ታውቃለች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋይልዎን የምታየው እሷ ብቻ አይደለችም፤ አለቃዋ መልስ ማዘጋጀት አለበት፣ ሰነዶቹም ይጠየቃሉ። እንባ ጠባቂው ማንኛውንም ሰው ጠርቶ የመጠየቅና ወረቀት የማስቀረብ ሥልጣን አለው። እንዲያውም ብዙ ጉዳይ ምርመራው ሳያልቅ በዚህ ምክንያት ብቻ ይስተካከላል። አቤት በማለትዎ የተነሣ ቢያጉላሉዎት ይህ ራሱ አዲስ አቤቱታ ይሆናል፤ ቀኑንና የተባሉትን ቃል ጽፈው ይያዙ።

በየዓመቱ ለእንባ ጠባቂው የሚደርሰው አቤቱታ ከአሥር ሺህ በላይ ነው። የሚጽፉት አዲስ ገቢዎች ብቻ አይደሉም፤ እዚህ ተወልደው ያደጉ፣ የተማሩና ዕብራይስጡን አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎችም ይጽፋሉ። ከእርስዎ በፊት የመጡት የቤተ እስራኤል ልጆችም ዝም ብለው አልኖሩም። በ1985 በኢየሩሳሌም ከራባኑት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው መብታቸውን ጠይቀዋል፤ በ1996 የለገሱት ደም እንደሚጣል ሲታወቅ አደባባይ ወጥተዋል። ለሁሉም የሆነ በደል በሰልፍ ይጠየቃል፤ የአንድ ቤት ፋይል ግን በሰልፍ አይከፈትም፣ የሚከፈተው በደብዳቤ ነው።

ወደ ሌላ በር የሚሄዱ ጉዳዮች

ስለ ኩፓት ሖሊም፣ ለምሳሌ ስለተከለከለ መድኃኒት ወይም ምርመራ፣ በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የራሱ ቅሬታ ሰሚ አለ። በካፕላን ሆስፒታል ወይም በሌላ ሆስፒታል ስለደረሰብዎ አያያዝ በመጀመሪያ የሆስፒታሉን የሕዝብ ቅሬታ ክፍል ይጠይቁ። ልጅዎ ወታደር ከሆነና በአዛዡ ከተበደለ የሚሄደው ከ1972 ጀምሮ ወዳለው የወታደሮች ቅሬታ ሰሚ ነው። በዳኛ ጠባይ ወይም በፍርድ መጓተት ላይ፣ የራባኑት ዳኞችን ጨምሮ፣ በ2002 በወጣው ሕግ የተቋቋመ የዳኞች ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ፍርዱን ግን አይለውጥም፣ ለፍርዱ ይግባኝ ነው። በባንክ ላይ ያለ ቅሬታ ለእስራኤል ባንክ የባንኮች ተቆጣጣሪ ይቀርባል።

ፖሊስ ያለ አግባብ ኃይል ከተጠቀመብዎ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ በ1992 ለተቋቋመው ማሐሽ ለሚባለው የፖሊሶች ምርመራ ክፍል ወዲያውኑ ያመልክቱ፤ ቁስል ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄደው ያስመዝግቡ። በ2015 በሆሎን አንድ የማኅበረሰቡ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ከታየና ታላላቅ ሰልፎች ከተደረጉ በኋላ መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። በኮሚቴው የ2016 ዘገባ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር ዘረኝነትን ለመዋጋት የሚያስተባብር ክፍል ተቋቁሟል። በቆዳ ቀለምዎ ወይም በትውልድዎ ምክንያት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተገለሉ ለዚህ ክፍልም ማመልከት ይችላሉ።

በእስር ላይ ያለ ሰውም ለእንባ ጠባቂው የመጻፍ መብት አለው። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ይላካል፤ ማረሚያ ቤቱ ሳይከፍት ማስተላለፍ አለበት።

ውጤቱ ሲደርስዎ

አቤቱታውን እንደላኩ የፋይል ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ ከዚያ በኋላ በሚጽፉት ሁሉ ላይ ይህን ቁጥር ይጥቀሱ። አድራሻ ከቀየሩ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ከመርካዝ ቅሊጣ ወደ ቋሚ ቤት በሚዛወሩበት ጊዜ ደብዳቤ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ምርመራው ጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል።

አቤቱታው ትክክል ሆኖ ከተገኘ እንባ ጠባቂው ስሕተቱ በምን መንገድና እስከ መቼ መታረም እንዳለበት ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፤ መሥሪያ ቤቱም የወሰደውን እርምጃ መልሶ ማሳወቅ አለበት። ትክክል ካልሆነ ምክንያቱ ተጽፎ ይላክልዎታል። በእንባ ጠባቂው ውሳኔ ላይ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ጊዜው እስካላለፈ ድረስ መሥሪያ ቤቱን ራሱን መክሰስ አልተከለከለም። ያልታየ አዲስ ማስረጃ ካገኙ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። “እናርማለን” ብሎ የጻፈው መሥሪያ ቤት የተሰጠው ቀን አልፎ ካላረመ፣ የፋይሉን ቁጥር ጠቅሰው “እስከ ዛሬ አልተፈጸመም” የሚል አጭር ደብዳቤ ለእንባ ጠባቂው ይላኩ።